ሥጋውን የሚሠራው ሣሩ ነው
በተፈጥሮ ግጦሽ የሚያድጉ በጎች የሥጋ ጥራት፤ በአርብ ገበያ በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



ይህች ከተማ ስሟን ያገኘችው ከገበያዋ ነው። አርብ በመጣ ቁጥር ከላይ ከደጋው፣ ከታች ከበሽሎ ሸለቆ አፋፍ፣ ከስማዳም አቅጣጫ በጉ እየተነዳ ይገባል። ገዢው በጉን ሲያገኝ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ወገቡን በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ ላቱን ይመዝናል፤ ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ጥርሱን ያያል። ዋጋው የሚቆረጠው በዚህ ነው። በጉ ባለፉት ሦስት ወራት ምን ሲበላ እንደከረመ የሚጠይቅ ገዢ ግን እምብዛም አይገኝም። ሻጩም አይናገርም።

ይሁን እንጂ ወገቡን ያሞላው፣ ላቱን ያከበደው፣ በኋላም ድስት ውስጥ ሲገባ ሥጋውን ያለሰለሰው ወይም ያደረቀው በአብዛኛው የበላው መኖ ነው። የዛሬው ንግግር ርዕስም ይኸው ነው። በመስክ ተሰማርቶ ያደገ በግ ሥጋው በምን ይለያል? ጥሩ የሚሆነውስ መቼ ነው? መጥፎ የሚሆነውስ? ከዚህስ አርሶ አደሩና ማኅበሩ ምን ያተርፋሉ?

የበላው እንዴት ሥጋ ይሆናል?

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ ወደ ውጭ አገር መሻገር ይጠቅማል። በስፔን አገር በደቡብ ምዕራብ በኩል የሚረባ ጥቁር አሳማ አለ። የአሳማ ሥጋ በዚህ አካባቢ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ምግብ አይደለም። ቢሆንም ከአረባቡ ትምህርት ይገኝበታል። የዚያ አገር ገበሬዎች አሳማውን በመከርና በክረምታቸው ወራት ኦክ በሚባል ዛፍ በተሸፈነ መስክ ያሰማሩታል። አሳማውም የዛፉን ፍሬና በሥሩ ያለውን ሣር እየለቀመ ይደልባል። የዚህ አሳማ ስብ በጣት ሲነካ የሚቀልጥ ያህል ለስላሳ ነው፤ ምክንያቱም የዛፉ ፍሬ ዘይት በወይራ ዘይት ውስጥ ያለው ዓይነት ስለሆነ በቀጥታ ወደ እንስሳው ስብ ይገባል። የአገሪቱ ሕግም በፍሬ የደለበውንና በእህል መኖ የደለበውን ለይቶ በተለያየ ስያሜ እንዲሸጥ ያስገድዳል። የዋጋው ልዩነት ከፍተኛ ነው። በሌላ አነጋገር ገዢው ገንዘቡን የሚከፍለው ለሥጋው ብቻ አይደለም፤ እንስሳው ለበላውም ጭምር ነው።

አሳማና ዶሮ ሆዳቸው አንድ ክፍል ስለሆነ የበሉት ስብ ብዙም ሳይለወጥ ወደ ሰውነታቸው ይሄዳል። ይህን ለማየት ወደ ስፔን መሄድም አያስፈልግም። ግቢ ውስጥ ሣርና ትል እየለቀመች የምትውል የሐበሻ ዶሮ የዕንቁላሏ አስኳል ደማቅ ብጫ ነው። ተዘግቶባት ቀለም የሌለው መኖ ብቻ የምትበላ ዶሮ ግን አስኳሏ ይገረጣል። ብጫው ቀለም ከአረንጓዴው ቅጠል የመጣ ነው። ቤት ውስጥ ዕንቁላል የሰበረች እናት ሁሉ ይህን ታውቃለች።

በግ ግን የሚያመሰኳ እንስሳ ነው። ሆዱ አራት ክፍል አለው። ሣሩ መጀመሪያ ከሚገባበት ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ረቂቅ ተሕዋስያን በብዛት ይኖራሉ። ሣሩን የሚያብላሉት፣ ሰው ሊፈጨው የማይችለውን ገለባ ወደ ሥጋነት የሚያደርሱት እነርሱ ናቸው። የሣሩን ስብም አስቀድመው ይለውጡታል። ስለዚህ በበግ ላይ የመኖው አሻራ እንደ አሳማው ጎልቶ አይታይም። የበግ ስብ እንደ ከብት ስብ ብጫ ሆኖ አለመገኘቱም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በግ የሣሩን ብጫ ቀለም በስቡ ውስጥ አያከማችም። ይህ ማለት ግን መኖው በሥጋው ላይ ለውጥ አያመጣም ማለት አይደለም። ለውጡ ከዓይን ይልቅ በጥርስ፣ በምላስና በሥጋው የመቆየት ጊዜ ይታወቃል።

በጉ በዓመት ውስጥ ምን ይበላል?

በደቡብ ጎንደር የሚረባው በግ በአብዛኛው የፋርጣ በግ በመባል የሚታወቀው ነው። ዶክተር ሰሎሞን ግዛው እ.ኤ.አ. በ2008 ባቀረቡት የአገራችንን የበግ ሀብት የሚመለከት ጥናት 14 ነባር የበግ ዓይነቶችን መርምረው የፋርጣን በግ ከመንዝ፣ ከወሎ፣ ከሰቆጣና ከጥቁር በግ ጋር ወፍራምና አጭር ላት ካላቸው መድበውታል። ይህ በግ ብርድንና ችግርን የለመደ ነው። ላቱ ስንቁ ነው። ሣር በሚገኝበት ወቅት ስቡን በላቱ ያከማቻል፤ ሣር በሚጠፋበት ጊዜ ከዚያ እያወጣ ይኖራል። ላቱ ሲሟሽሽ የታየ በግ ስንቁን እየጨረሰ ነው ማለት ነው።

የበጉ የምግብ ዓመት በሦስት ሊከፈል ይችላል።

የመጀመሪያው የክረምቱና የጥቢው ጊዜ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ መስኩ ይለመልማል። ይሁንና በሐምሌና በነሐሴ ሣሩ ውኃ የበዛበት ስለሆነ በጉ ሆዱ ቢሞላም ብዙ አይወፍርም። የእርሻው መሬት በሰብል ስለሚያዝም መንጋው ወደ ዳገቱና ወደ ድንበሩ ይገፋል። ምርጡ ጊዜ መስከረምና ጥቅምት ነው። ሰርዶው ይጠነክራል፤ ማገጡ አብቦ መስኩን ይሸፍናል። ማገጥ እንደ ባቄላና አተር ሁሉ ከጥራጥሬ ወገን ስለሆነ ገንቢ ምግብ በብዛት አለው። በዚህ ወቅት ግጦ የሚውል በግ ያለ ምንም ተጨማሪ መኖ ሥጋ ያወጣል።

ሁለተኛው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር መንጋው በታጨደው ማሳ ላይ ይሰማራል። የወደቀ እሸት፣ የማሳ ዳር አረምና ሣር ይለቅማል። ይህም መልካም ወቅት ነው፤ ግን አጭር ነው።

ሦስተኛው ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው የችግር ጊዜ ነው። መስኩ ይራቆታል። በጉ የሚያገኘው የጤፍና የስንዴ ጭድ፣ የማሽላ አገዳ፣ የደረቀ ሰንበሌጥ ነው። ቆላ ላይ የግራር ፍሬ ወድቆ ካገኘ ዕድለኛ ነው። ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ አያወፍርም። በዚህ ወቅት በጉ ቀኑን ሙሉ ሲንከራተት ውሎ በእግሩ የሚያወጣው ጉልበት በአፉ ከሚያስገባው ሊበልጥ ይችላል። እንግዲህ የፋሲካ ገበያ የሚውለው በዚሁ በችግሩ ወቅት ማገባደጃ መሆኑን ልብ ይሏል። የዓመቱ ከፍተኛ የበግ ፍላጎት የሚመጣው በጉ ከስቶ በሚገኝበት ሰዓት ነው።

አረንጓዴ ግጦሽ ለሥጋው የሚሰጠው ጥቅም

በጥሩ መስክ ላይ ያደገ በግ ሥጋ በብዙ አገሮች ተጠንቷል። ውጤቶቹ በአመዛኙ ይስማማሉ።

አንደኛ፣ በእህል ከደለበው ይልቅ ስቡ ያነሰና ቀይ ሥጋው የበዛ ነው። ጮማ ለሚወድ የአገር ውስጥ ገዢ ይህ ጉድለት ሊመስል ይችላል። የመካከለኛው ምሥራቅ ገዢዎች ግን የሚፈልጉት ወጣት፣ ስቡ ያልበዛ፣ ቀለል ያለ በግ ነው። ስለዚህ ሁለት ገበያ፣ ሁለት ዓይነት በግ አለ ማለት ነው፤ ለበዓል ሙክት፣ ለውጭ ገበያ ወጣት ወንድ።

ሁለተኛ፣ በሥጋው ውስጥ ያለው ስብ ዓይነቱ የተሻለ ነው። ለልብ ጤና ይጠቅማል የሚባለው ኦሜጋ ሦስት የተባለው የስብ ዓይነት መነሻው አረንጓዴ ቅጠል ነው። ጨጓራው ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን አብዛኛውን ቢለውጡትም ቀሪው ወደ ሥጋው ይደርሳል። በእህል ብቻ በደለበ በግ ላይ ይህ ያንሳል።

ሦስተኛ፣ አረንጓዴ ሣር ቫይታሚን ኢ በብዛት አለው። ይህ ቫይታሚን በሥጋው ውስጥ ሆኖ ስቡ ቶሎ እንዳይሻግትና የሥጋው ቅላት ቶሎ እንዳይጠፋ ይከላከላል። በሥጋ ቤት መስኮት ላይ ተሰቅሎ ለሚውል ሥጋ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሣሩ ታጭዶ በፀሐይ ሲደርቅ ግን አብዛኛው ቫይታሚን ይጠፋል። በጭድ ውስጥማ ከናካቴው የለም ማለት ይቻላል። ድርቆሹ ቶሎ ታጭዶ፣ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ፣ በጥላ ሥር ከተከመረ የተሻለ ይቆያል።

አራተኛው ጣዕሙ ነው። የመስክ በግ ጠንከር ያለ የራሱ ጠረን አለው። ማገጥና አልፋልፋ በብዛት የበላ በግ ይህ ጠረኑ ይጨምራል። ለለመደው ሰው የበግነቱ ምልክት ነው፤ ላልለመደው ደግሞ ሊከብድ ይችላል። በፈረንሳይ አገር በሞን ሳን ሚሼል ባሕረ ሰላጤ ዳር የባሕር ውኃ በሚደርስበት ጨዋማ መስክ ላይ የሚግጡ በጎች አሉ። ሥጋቸው ከዚያ መስክ በመገኘቱ ስሙ በሕግ ተጠብቆ በልዩ ዋጋ ይሸጣል። ከጉና ተራራ ሥር እስከ በሽሎ አፋፍ ያለው መስክም የራሱ ሣር፣ የራሱ ማገጥ፣ የራሱ ቅጠላ ቅጠል አለው። የጎደለው ስም ነው። ስም ደግሞ የሚወጣው ጥራቱ በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሲገኝ ነው።

«የደጋ በግ ሥጋ ይጠቁራል» የሚባለው

እስካሁን የተነገረው የመስኩን መልካም ጎን ነው። አሁን ደግሞ አርሶ አደሩን ገንዘብ የሚያስከፍለውን ጎን ማንሳት ይገባል።

በሞጆና በቢሾፍቱ አካባቢ ወደ ውጭ ሥጋ የሚልኩ ቄራዎች ለዓመታት የቆላውን በግና ፍየል፣ ማለትም የአፋሩን፣ የሶማሌውን ጥቁር ራስ በግና የቦረናውን ሲመርጡ ኖረዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ የደጋ በግ ሥጋ ከታረደ በኋላ ይጠቁራል የሚል ነው። የጠቆረ ሥጋ ባሕር ማዶ ሲደርስ ያረጀ ወይም የተበላሸ ይመስላል። ስለዚህ አይፈለግም። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2011 በነበሩት ዓመታት ከላንግስተንና ከፕሬይሪ ቪው ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የሠራው የኢትዮጵያ የበግና የፍየል ምርታማነት ማሻሻያ ፕሮግራምም ይህን ችግር ከመረመሩት አንዱ ነበር።

ይህን ነገር የሰማ አርሶ አደር «እንግዲህ ዝርያችን ነው፤ ምን ይደረጋል» ሊል ይችላል። ነገር ግን ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ጥቁረቱም ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው ጥቁረት የዕድሜና የሥራ ነው። ጡንቻ በሠራ ቁጥር ቀይ ቀለሙ ይጨምራል። ዳገት ሲወጣና ቁልቁለት ሲወርድ የኖረ፣ ሦስትና አራት ዓመት የሞላው በግ ሥጋው ከወጣቱ ይልቅ የደመቀና የጠነከረ ነው። ይህ በሽታ አይደለም፤ ጉድለትም አይደለም። በደንብ ከተቀቀለ ጥሩ መረቅ ያወጣል። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ለውጭ ገበያ የሚታሰበው በግ የወተት ጥርሱን ሳይጥል ይሸጥ።

ሁለተኛው ጥቁረት የረኃብና የድካም ነው። ጉዳት ያለው እዚህ ላይ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የማንኛውም እንስሳ ጡንቻ ለሥራ የሚሆነው ስኳር በውስጡ ያከማቻል። ባለሙያዎች ግላይኮጅን ይሉታል። በጉ ሲታረድ ይህ ስኳር ወደ አሲድነት ይለወጣል። ያ አሲድ ሥጋውን መልኩን ቀይ ያደርገዋል፤ ልስላሴ ይሰጠዋል፤ የሚያበላሹ ተሕዋስያን ቶሎ እንዳይራቡበትም ይከላከላል። ትክክለኛ የሆነ ሥጋ የአሲድ መጠኑ፣ ማለትም ፒኤች የሚባለው፣ ወደ 5.5 አካባቢ ይወርዳል። በጉ ተርቦ፣ ደክሞ፣ ደንግጦ ከታረደ ግን ስኳሩ አስቀድሞ አልቋል። አሲድ የሚሆን ነገር የለም። ፒኤቹ ከ6 በላይ ሆኖ ይቀራል። ሥጋውም ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ ሲነኩት ተጣብቆ ይገኛል። ቶሎም ይበላሻል።

አሁን አንድ የአካባቢውን በግ ከቤቱ ደጃፍ እስከ ቢላዋው ድረስ መከተል ነው። ወሩ መጋቢት ነው እንበል። በጉ ሁለት ወር ሙሉ ጭድ ሲበላ ስለከረመ የጡንቻው ስኳር ቀድሞውንም ጥቂት ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከመንጋው ተለይቶ መነዳት ይጀምራል። ከሸለቆው እስከ ከተማው ያለው አቀበት ነው። ሌሊቱን በማያውቀው ግቢ ታስሮ ያድራል። አርብ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ፣ ያለ ውኃና ያለ መኖ፣ በማያውቃቸው በጎችና በጫጫታ መካከል ይቆማል። ማታ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ይጓዛል። ተጨናንቆ ቆሞ ያድራል። ቅዳሜ ወይም እሁድ ይታረዳል። እንዲህ ያለው በግ ሥጋው ቢጠቁር ዝርያው ምን አጠፋ? የበጉን የሦስት ወር ግጦሽ ሦስት ቀን አጠፋው ማለት ነው።

ከታረደም በኋላ ሌላ ችግር አለ። ስብ የሌለው ቀጭን በግ በማቀዝቀዣ ውስጥ ቶሎ ከገባ ሥጋው በቅዝቃዜ ተኮማትሮ ይጠነክራል። ስቡ እንደ ጋቢ ሆኖ ይሸፍነው ነበር። ስለዚህ የውጭ ገበያ ስብ አይወድም ሲባል ምንም ስብ የሌለው አጥንቱ የወጣ በግ ይፈለጋል ማለት አይደለም።

ጥራቱ ከሣሩ ነው ወይስ ከልቅነቱ?

የመስክ ግጦሽ ሥጋውን ያሻሽላል ከተባለ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ታዲያ ልቅ ግጦሽ ይቅር ለምን ይባላል? ተዳፋቱ ተከልሎ፣ ሣሩ እየታጨደ ለእንስሳት ይሰጥ የሚለው ምክር ከዚህ ጋር አይጋጭም ወይ?

አይጋጭም። ከላይ የተዘረዘሩት ጥቅሞች፣ ማለትም ቫይታሚኑ፣ ጥሩው ስብና ገንቢው ምግብ፣ ሁሉም የመጡት ከአረንጓዴው ሣር ነው። በጉ ቀኑን ሙሉ በመንከራተቱ የተገኘ አንድም ጥቅም በዝርዝሩ ውስጥ የለም። መንከራተት የሚጨምረው ጥንካሬና ክሳት ነው። ከዚያም በላይ ልቅ ግጦሽ መስኩን ራሱን ይለውጠዋል። በግ መራጭ ነው፤ የሚጥመውን ማገጥ አስቀድሞ ይለቅማል፤ የማይወደውን ይተወዋል። ሣሩ ሳያፈራ በተጋጠ ቁጥር ጥሩው ዘር እየጠፋ እንደ አክርማ ያለው ጠንካራ ሣር ብቻ መስኩን ይወርሳል። አክርማ ለስፌት ይሆናል እንጂ በግ አያሞክትም። በመጨረሻም አፈሩ በጎርፍ ይሄዳል። ስለዚህ «በተፈጥሮ ግጦሽ ያደገ» ብሎ በግ ለመሸጥ የሚፈልግ ማኅበር አስቀድሞ ተፈጥሮውን ማቆየት ይኖርበታል።

በተከለለ ተዳፋት ላይ የበቀለውን ሣር በአበባው ሰዓት፣ ማለትም መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ አጭዶ ለበጉ መስጠት የመስኩን ጥቅም ሳይቀነስ ይሰጣል። ሣሩ አፍርቶ እስኪደርቅ ድረስ ኅዳርና ታኅሣሥ ከተጠበቀ ግን ክምሩ ይበዛል እንጂ ጥቅሙ ከጭድ ብዙም አይለይም። ብዙ ቦታ የሚታየው ስሕተት ይኸው ነው፤ ቁመቱን አይቶ ጥቅሙን መርሳት።

ዝቅ ያለ ረግረግ መስክም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እዚያ ያለው ሣር በበጋም አረንጓዴ ስለሆነ መንጋውን ይስባል። ነገር ግን የጉበት ትል መራቢያም እዚያው ነው። ትሉ የያዘው በግ ጥሩ ሣር ቢበላም አይወፍርም፤ ጉበቱም ቄራ ላይ ይጣላል። የረግረጉን ሣር አጭዶ፣ አድርቆ መስጠት ይሻላል። በክረምቱ መውጫም ለትል የሚሰጠውን መድኃኒት ከእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ተመካክሮ መስጠት ያስፈልጋል።

ምን ይደረግ?

ከዚህ በመነሣት አርሶ አደሩም፣ መሠረታዊ ማኅበሩም፣ ዩኒየኑም ሊያደርጉት የሚችሉት ሥራ አለ።

በአርሶ አደሩ በኩል የመጀመሪያው የበዓላቱን ቀን አስልቶ ማሞከት ነው። ለማሞከት ሦስት ወር ይበቃል። ለእንቁጣጣሽ የታሰበ በግ ከሰኔ ጀምሮ፣ ለገና ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ፣ ለፋሲካ ከጥር ጀምሮ ይያዛል። ለአረፋ የሚሆነውም በየዓመቱ ቀኑ እየታየ እንዲሁ ይሰላል። የገናው በግ ከሁሉ ይቀላል፤ ምክንያቱም ማገጡና የአዝመራ ማሳው ግማሹን ሥራ ይሠሩለታል። የፋሲካው በግ ግን ያለ ተጨማሪ መኖ አይሆንም።

የተጨማሪ መኖ ሒሳብም ከባድ አይደለም። ለአንድ በግ በቀን 100 ግራም የኑግ ፋጉሎና 200 ግራም ፉሩሽካ ቢሰጥ በ90 ቀን 9 ኪሎ ፋጉሎና 18 ኪሎ ፉሩሽካ፣ በድምሩ 27 ኪሎ ይሆናል። በጉ በቀን 60 ግራም ብቻ ቢጨምር እንኳ በሦስት ወር 5 ኪሎ ከ400 ግራም አገኘ ማለት ነው። በፋርጣ በጎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ከድርቆሽ ሌላ የኑግ ፋጉሎና ፉሩሽካ የተጨመረላቸው በጎች ድርቆሽ ብቻ ከበሉት የተሻለ ክብደትና የተሻለ ሥጋ እንዳስገኙ አሳይቷል። ፋጉሎ የማይገኝበት ቤት የባቄላ፣ የምስርና የሽምብራ ገለባ ከጤፍ ጭድ ጋር ቢደባለቅ፣ የጠላ አተላም በልኩ ቢጨመር፣ የግራር ፍሬ ተሰብስቦ ቢቀመጥ ይጠቅማል። አሞሌ ጨውና ንጹሕ ውኃ ሊጓደሉ አይገባም።

እዚህ ላይ ስለ ሚዛን አንድ ነገር ማስታወስ ያሻል። ከአገራችን በግ የሚገኘው ሥጋ ከነአጥንቱ ብዙውን ጊዜ ከቁም ክብደቱ ከ40 እስከ 45 በመቶ ነው። 25 ኪሎ ከሚመዝን በግ ከ10 እስከ 11 ኪሎ ገደማ ይወጣል። ሆዱ በጭድ የተወጠረ በግ ሚዛን ላይ ከባድ ሆኖ ቄራ ላይ ይቀላል። ልምድ ያለው ነጋዴ ይህን ስለሚያውቅ ዋጋ ይቀንሳል። ታዲያ ገበያ ሲወጣ ጨው አልሶ ውኃ ማጠጣት የሚያስገኘው ጥቅም የለም፤ ስም ያጠፋል እንጂ።

በማኅበሩ በኩል ዋናው ሥራ እነዚያን ሦስት የጥፋት ቀናት ማሳጠር ነው። ከገበያው አቅራቢያ ጥላ ያለው፣ ውኃና ድርቆሽ የማይጠፋበት አንድ ማረፊያ በረት ቢዘጋጅ በጉ ከመንገድ ድካሙ ያርፋል። የጠፋው የጡንቻ ስኳር በአንድ ሌሊት አይመለስም፤ ጥሩ መኖና የቀናት እረፍት ይፈልጋል። ስለዚህ በጎቹ ከገበያው ቀን ሦስት አራት ቀን ቀደም ብለው ተሰብስበው ቢመገቡ፣ ከዚያም ሳይጨናነቁ ተጭነው ቢሄዱ፣ ከመታረዳቸው በፊት ደግሞ ውኃ ሳይከለከሉ ለግማሽ ቀን ያህል ከመኖ ቢከለከሉ፣ ሥጋቸው ከቆላው በግ ጋር ለመወዳደር ይበቃል። ይህ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። በረት፣ ገንዳ፣ የድርቆሽ ክምርና የሚጠብቅ ሰው ይበቃል።

በዩኒየኑ በኩል ደግሞ አንድ አባል ብቻውን ሊሠራው የማይችለው አለ። አንድ አርሶ አደር 9 ኪሎ ፋጉሎ ለመግዛት ወደ ዘይት መጭመቂያ ቢሄድ የመንገዱ ወጪ ከመኖው ይበልጥበታል። 1,000 በግ ለማሞከት የተስማሙ አባላት ግን 270 ኩንታል መኖ በአንድ ጊዜ በጅምላ ሊገዙ ይችላሉ። 1,000 በግ በአንድ ዕድሜ፣ በአንድ መኖ፣ በአንድ ቀን ማቅረብ የሚችል ሻጭ ደግሞ ገዢው ዘንድ ቃሉ ይሰማል። ቄራውም ሆነ የከተማው ሥጋ ቤት የሚፈራው ዋጋውን ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ጥሩ አግኝቶ በሚቀጥለው ሳምንት መጥፎ ማግኘቱን ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ማጠቃለያ

በመስክ የሚያድግ በግ ሥጋው በተፈጥሮው መልካም ነው። ስቡ ያልበዛ፣ ጣዕም ያለው፣ አረንጓዴ ሣር እስካገኘ ድረስም ቶሎ የማይበላሽ ነው። ጠቆረ፣ ጠነከረ፣ ደረቀ ተብሎ ዋጋው ሲወድቅ በአብዛኛው ጥፋቱ የመስኩ አይደለም፤ የዝርያውም ብቻ አይደለም። ጥፋቱ በበጋው የተረሳው መኖ፣ ዘግይቶ የታጨደው ሣር፣ አለዕድሜው የቆየው በግ፣ ውኃ ያልተሰጠው የአርብ ገበያ ውሎ ነው። እነዚህ ሁሉ በሰው እጅ ያሉ ናቸው።

አርብ ዕለት ገዢው እንደ ልማዱ ወገቡን ተጭኖ፣ ላቱን መዝኖ፣ ጥርሱን አይቶ ዋጋ ይጠራል። በዚያን ጊዜ ሻጩ አፉን ሞልቶ «ማገጥ ነው የበላው፤ ሦስት ወር ተመግቧል፤ ትናንትና ዛሬም አልተራበም» ለማለት ከቻለ ክርክሩ ከሌላ ቦታ ይጀምራል። ገዢው ሥጋውን ቀምሶ በሚቀጥለው አርብ ያንኑ ሻጭ እየጠየቀ ከመጣ ደግሞ የጋይንት በግ ስም ማውጣት ጀምሯል ማለት ነው።